አስታማሚውን አስወጥታችሁ «ታካሚ ቢወድቅ አይመለከተንም» አትበሉ

ሰሞኑን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የተኝቶ ታካሚዎች መግቢያ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ አስታማሚ ዋርድ ውስጥ ማደር ክልክል ነው» ይላል። ያንገበገበኝ ግን ከሥሩ ያለው ሁለተኛው መስመር ነው፦ «ከአልጋ ለሚወድቅ ታካሚ ሆስፒታሉ ኃላፊነት አይወስድም።» ቅሬታ ይዘው የገቡ ቤተሰቦች ያገኙት መልስ ደግሞ ይብሳል። አልጋው ሁሉ የጎን ብረት አለው፣ የሚወድቀው ምክር የማይሰማ ታካሚ ነው ተባሉ።

ከብረቱ ልጀምር። የአልጋ የጎን ብረት ከማደንዘዣ በቅጡ ያልነቃ ሰው እየተገላበጠ ተንሸራቶ እንዳይወርድ ያግዛል። ሽንቱ የወጠረው ሰው ግን ብረቱ ከፍ ስላለበት ተመልሶ አይተኛም፣ ይሻገረዋል። ያኔ የሚወድቀው ከፍራሹ ሳይሆን ከብረቱ ጫፍ ላይ ነው፤ ያውም በጭንቅላቱ ሊሆን ይችላል። በብረቱና በፍራሹ መካከል ተቀርቅረው የሞቱ ሰዎችም አሉ። ብረቱን ከፍ ማድረግ ብቻውን ታካሚን ከመውደቅ እንደሚያድን የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ የለም። ይህን የሚያህል ነገር ሳያውቁ የዋርድ ደንብ ማውጣት፣ አውቀው ከሆነም ለታካሚ ቤተሰብ እንዲህ ብሎ መመለስ፣ ሁለቱም ያሳፍራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ሽንት ቤቱ። ታካሚ ዝም ብሎ አይወድቅም። አልጋው ላይ ሳለ የሚወድቀው ጥቂት ነው፤ ብዙው የሚወድቀው ሲነሣ፣ ሲራመድ፣ ከሽንት ቤት ሲሄድና ሲመለስ ነው። የትኛውንም ነርስ ጠይቁ፣ ይህንኑ ትነግራችኋለች።

አክስቴ አምና ከዘጌ በጀልባ መጥታ እዚሁ ከተማ ሆስፒታል ተኛች። የልብ ድካም ነበረባት፣ ስኳርም አለባት። እግሯ አብጦ፣ ትንፋሽ እያጠራት ነው የገባችው። በሦስተኛው ሌሊት ጥበቃው አስወጥቶኝ ግቢ ውስጥ ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀምጫለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ላሲክስ በደም ሥር ተሰጣት። ላሲክስ በደም ሥር ሲገባ በደቂቃዎች ውስጥ ሥራ ይጀምራል፣ ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ በሽንት ያስወጣል። የሚሰጠውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱን ያዘዘም፣ የወጋም፣ ይህች ሴትዮ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ለሽንት እንደምትነሣ ያውቃል። የመውደቂያዋ ሰዓት ያኔውኑ ተቆርጧል ማለት ነው። ማን ይደግፋታል ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም።

በማግስቱ መንገዱን ራሴ ሄድኩበት። ከአልጋዋ እስከ ሽንት ቤቱ 22 እርምጃ ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ያለው አምፖል ተቃጥሏል። የሽንት ቤቱ ደፍ ከወለሉ ከፍ ይላል፣ ሁልጊዜም እርጥብ ነው፤ በግድግዳው ላይ እጅ የሚይዘው አንዲት ብረት እንኳ የለም። እግሯ ላይ የነበረው ከጎኗ የተኛችው ሴት ሰፊ ነጠላ ጫማ ነው። አልጋ አልጋውን እየተደገፈች ሄደች፤ አልጋዎቹ ያለቁበት ቦታ ላይ ወደቀች። ሁለት ሰዎች ደርሰው ብብቷን ይዘው አንጠልጥለው አነሷት፣ የዳሌዋ አጥንት ተሰብሮ ሳለ። የወደቀ ሰው ጭንቅላቱና ዳሌው ሳይታይ እንደማይነሣ ለማንም አልተነገረም።

«ለምን ሲስተሯን አልጠራሽም?» አልኳት።

«ልጄ፣ ሁለት ሆነው ለዚያ ሁሉ በሽተኛ ሲራወጡ እያየሁ፣ ለሽንት ብዬ ላስቸግራቸው?»

ምክር የማይሰማ ታካሚ የሚባለው እንግዲህ እንዲህ ያለው ሰው ነው። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ላለማስቸገር ስትጠነቀቅ የኖረች ሴት ናት። ፖፖ ቢያቀርቡላት እንኳ ሰው በሞላበት ክፍል፣ ያለ መጋረጃ፣ አትቀመጥም። የእኛ አገር አዛውንት እንዲህ ነው። ይሉኝታችንን የማያውቅ የዋርድ ሥርዓት ለእኛ የተሠራ አይደለም። «ሲፈልጉ ይጥሩን» ማለት አይበቃም፤ አይጠሩማ! ቀድሞ ሄዶ «እማማ፣ ሽንት ቤት ልውሰድዎት?» የሚል ሰው ነው የሚያስፈልገው፤ በተለይ ላሲክስ ከተሰጠ በኋላ፣ በተለይ የእንቅልፍ ወይም የደም ግፊት መድኃኒት ለወሰደ ሰው። የግፊት መድኃኒት የወሰደ ሰው ብድግ ሲል ደሙ ወደ እግሩ ይወርድና ዓይኑ ይጨልማል። በሁዳዴ እህል ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ አዛውንት ታካሚ ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ለመሆኑ ያልሰማውን ምክር ማን መከረው? እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አለ። በ8 የማገገሚያ ሕክምና ክፍሎች የሠለጠነ ባለሙያ ታካሚው አጠገብ እየተቀመጠ፣ አንተን የሚጥልህ ይኼ ነው፣ ስትነሣ እንዲህ አድርግ እያለ አስረዳ፤ ለሠራተኞቹም ነገራቸው። የመውደቅ አደጋው በ40 በመቶ ገደማ ቀነሰ። እዚያ የተገዛ ልዩ አልጋ የለም። ሰው ሰውን አነጋገረ፣ በቃ። አክስቴን በሦስት ቀን ውስጥ ስለ መውደቅ ያነጋገራት አንድም ሰው የለም።

ማን ሊወድቅ እንደሚችል አስቀድሞ አይታወቅም የሚል ካለም አይሞክረው። ጃኒስ ሞርስ የምትባል የነርሲንግ ተመራማሪ ስድስት ጥያቄ ያለው መመዘኛ እ.ኤ.አ. በ1989 አሳትማለች። ለመሙላት 3 ደቂቃ አይፈጅም። አክስቴን በዚያ መዘንኳት፦ ከአንድ በላይ ሕመም 15 ነጥብ፣ እጇ ላይ ካኑላ (መድኃኒት የሚሰጥበት የደም ሥር ቱቦ) 20፣ ዕቃ እየተደገፉ መሄድ 30፣ የደከመ አረማመድ 10፤ ድምሩ 75። 45 የደረሰ ከፍተኛ አደጋ ላይ ነው ይባላል። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት መመሪያ ነጥብ መቁጠሩን ትታችሁ፣ 65 ዓመት የሞላውን ተኝቶ ታካሚ ሁሉ ሊወድቅ ይችላል ብላችሁ ያዙት ብለዋል። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ አክስቴ ትታወቅ ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684 ሺህ ሰው በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል፤ ከ100ው ከ80 በላይ የሚሞተው እንደኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ሁሉም ሆስፒታል ውስጥ የወደቀ አይደለም፤ ነገር ግን መውደቅን እንደ ዕድል የሚያይ ሰው ቁጥሩን ይመልከተው።

ዋርድ በአስታማሚ ይጨናነቃል፣ ይህ እውነት ነው፤ ኢንፌክሽንም ያዛምታል። አንድ አልጋ ላይ አራት ሰው ይከበብ አላልኩም። ነርሶቹንም አልከስም፤ ሁለት ሰው ለሙሉ ዋርድ አስመድቦ የሚተኛው ሌላ ነው። ነገር ግን እዚህ አገር ሌሊት ታካሚ የሚያነሣው፣ ሽንት ቤት የሚያደርሰው፣ ባትሪ የሚያበራው አስታማሚ መሆኑን የማያውቅ የሆስፒታል ኃላፊ የለም። ይህን ሁሉ በነጻ የሚሠራውን ሰው አስወጥቶ ሥራውን ለማንም አለመስጠት፣ ያ ሳይበቃ ኃላፊነቱን በወረቀት ማራገፍ ጭካኔ ነው። ሌላ ስም ልሰጠው አልችልም።

አክስቴ ለአንድ ሳምንት ብላ የመጣችበት ሕክምና ወራት ፈጀ። ዘጌ ስትመለስ ከጀልባው ያወረዷት በቃሬዛ ነው።

የማስታወቂያው ሁለተኛ መስመር ዛሬውኑ ይነሣ። አምፖሉ ይቀየር፣ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ላይ መያዣ ብረት ይመታ። ከምሽቱ 3፣ ከሌሊቱ 6 እና ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አንድ የተመደበ ሠራተኛ ባትሪ ይዞ በየአልጋው እየዞረ ሽንት ቤት ይውሰድ። ይህ እስኪጀመር ድረስ፣ ለብቻው መቆም ከማይችል ከማንኛውም ታካሚ አጠገብ አንድ አስታማሚ ይደር።