ሰኔ ያልበላ ሐምሌ ይቆጨዋል

እኔ በዓመት ከልቤ የማከብረው በዓል አንድ ነው፦ የሰኔ በጀት መዝጊያ። ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ አለችኝ። አሥራ አንዱን ወር ዝንብ እሽ ስል ከርሜ ሰኔ ሲገባ ነው ሰው የምሆነው።

ባለፈው ሰኔ 27 ማታ ስልኬ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ቶነር አለህ?»

«ለየትኛው ፕሪንተር?»

«ስለ ፕሪንተሩ አትጨነቅ። ደረሰኙ ላይ ሰኔ ይበል እንጂ። በጀቱ ሊቃጠልብን ነው!»

ሰው ቤቱ ሲቃጠል እንኳ እንዲህ አይሮጥም። ሦስት ፕሮፎርማ በአንድ ጀንበር ተሰበሰበ (የሁለቱ የእጅ ጽሑፍ ትንሽ ይመሳሰላል፣ እሱን ተዉት)። ከታኅሣሥ ጀምሮ «ሂደት ላይ ነው» ሲባል የከረመው ግዢ በሦስት ቀን አለቀ። የመንግሥት ሥራ ይንቀረፈፋል የሚል ሰው ሰኔ ላይ መጥቶ አላየንም ማለት ነው።

ብሩም የዋዛ አይደለም። የፌዴራል መንግሥት ለክልሎች የመደበው ድጎማ በ2017 በጀት ዓመት 222.7 ቢሊዮን ብር ነበር፤ በ2018 ወደ 315 ቢሊዮን ተጠጋ። የማከፋፈያ ቀመሩ የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፣ ክልሉ ደግሞ በራሱ ቀመር ወደ ወረዳ ያወርደዋል፣ ወረዳ ሲደርስ አብዛኛው ደመወዝ ሆኖ ያልቃል፤ የተረፈችውን ጥቂት ነው እንግዲህ የእኛዎቹ እንደ አደራ ዕቃ ሳይነኩ ከርመው ሰኔ ላይ የሚዘምቱባት።

ምሁራኑ ለእንዲህ ያለው ድጎማ ጠባይ «የዝንብ ማጥመጃ ወረቀት» የሚል ስም አላቸው አሉ። ከላይ የመጣ ብር ያረፈበት ቦታ ተጣብቆ ይቀራል፤ ወጪውን ያሳድጋል እንጂ የነዋሪውን ግብር ብዙም አያቀልም። እኔ ከዝንብ ጋር አሥራ አንድ ወር የምውል ሰው ነኝ፣ ስሙን ወድጄዋለሁ።

ደግሞ ቆጥቦ መመለስ ምን ይጠቅማል? ብር ተርፎት የመለሰ ወረዳ የሚያመሰግነው የለም። «ለካ አይበቃኝም ብለህ ያለቀስከው በውሸት ነው» ተብሎ የሚቀጥለው ዓመት በጀቱ ይሸረፋል። ሙልጭ አድርጎ የጨረሰው ግን «አፈጻጸም መቶ በመቶ» ተብሎ ይጨበጨብለታል። ምን ገዛህበት ብሎ የሚጠይቅ ነገረኛ፣ እግዜር ይስጠው፣ እስካሁን አላጋጠመንም።

ቶነሩ አሁንም ከነካርቶኑ ኮሪደሩ ላይ ተደርድሯል። ባለጉዳይ ወረፋ ሲጠብቅ ይቀመጥበታል፤ አግዳሚ ወንበር ለመግዛት በጀት አልነበረማ።

ሐምሌ 3 ሱቄ ደጃፍ ያለው የመንገድ መብራት እንዲጠገን ላመለክት ገባሁ። ካርቶን ላይ አረፍ ብዬ ተራዬን ጠበቅሁ። በጥሩ ፊት ነው ያስተናገዱኝ።

«የዘንድሮው በጀት ገና አልተለቀቀም፣» አሉኝ። «ሰኔ ላይ ብቅ በል።»