ቡናው ለሐምቡርግ፣ ውዳቂው ለቱሉ ዲምቱ

«ኮሮና የቡናን ንግድ አንኮታኮተው» ሲባል እሰማለሁ። የማንን ንግድ? በመጋቢት 2012 እኔ የምኖርባት ሐምቡርግ ካፌዎቿን ስትዘጋ አንድም ሰው ቡና አላጣም። የቢሮውን ቡና ቤቱ አስገባው፣ ማሽን ገዛ፣ ፍሬውን በኢንተርኔት አዘዘ፣ አለቀ። ካፌ የምትሠራው ጎረቤቴ ከቀረባት ደመወዝ 67 በመቶውን መንግሥት ሸፈነላት። ልጅ ባይኖራት 60 ነበር። ያም ሆኖ በየደረጃው ባገኘኋት ቁጥር ስታማርር ከረመች።

አዲስ አበባ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ አክስቴ ኮንዶሚኒየም በር ላይ ጀበና ትጥድ የነበረችው ልጅስ? የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከአራት ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ሲል የእሷ በርጩማዎች ስድስት ነበሩ። አክስቴ በስልክ «አቦሉን አራት ሆነን ጠጥተን ቶናውን ለተረኞቹ ለቀቅንላቸው» እያለች ታስቀኝ ነበር። ልጅቷ ግን ረከቦቷን ሰብስባ ገባች። በመቶኛ አስልቶ የላከላት የለም።

ትልቁ ንግድማ ምን ሆነ? ኮንቴይነር ጠፋ፣ የመርከብ ኪራይ ናረ፣ ሐምሌ 2013 ላይ ደግሞ የብራዚልን ቡና ውርጭ መታውና የዓለም ዋጋ ተሰቀለ። ኢትዮጵያ በ2014 በጀት ዓመት ከቡና 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ አገኘች፤ በ2017 ደግሞ 2.65 ቢሊዮን። እሰየው!

እኔን ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ባለፈው ስመጣ «ይርጋጨፌ» የሚል የተጻፈበት 250 ግራም ቡና ለአክስቴ ይዤ ሄድኩ፤ 12 ዩሮ የከፈልኩበት። (ጀርመን አንዲት የቡና ዛፍ ሳይኖራት ከእያንዳንዱ ኪሎ የተቆላ ቡና 2.19 ዩሮ ግብር ትወስዳለች፤ ይሄንንም ልብ በሉልኝ።) አክስቴ ከረጢቱን ከፍታ አሸተተች፣ ደግማ አሸተተች፣ ከዚያ «አንተ ልጅ፣ ይሄ የየት አገር ቡና ነው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? ለውጭ ገበያ የሚመጥን ቡና አገር ውስጥ እንዳይሸጥ በሕግ ተከልክሏል። አዲስ አበባ ዳር ዳሩን፣ በየመጋዘኑ፣ ሴቶች ቀኑን ሙሉ አጎንብሰው ጥቁሩንና የተሰበረውን ፍሬ ይለቅማሉ። ጥሩው በጅቡቲ ወደ እኔ ይሄዳል። ያልበቃው አክስቴ ሰፈር ሱቅ ይመጣል፤ እሷም ሰፌድ ይዛ እንደገና ትለቅመዋለች። ለዚሁም ዋጋው ከአቅሟ በላይ ሆኖ ጎረቤት ቡና መጥራት በበዓል በበዓል ሆኗል። ፎቁ ላይ ኮሮና የዘጋው በር ሁሉ እንደተዘጋ ነው የቀረው። የአንዱ ዕጣን ለሌላው ይሸተዋል፣ «ኑ ቡና ጠጡ» የሚል ድምፅ ግን የለም።

ከምናመርተው ቀላል የማይባለውን የምንጠጣው እኛው ነን። የዓለም ካፌ ሁሉ ሲዘጋ ጀበናውን ከእሳት ያላወረደው የአገር ቤቱ ጠጪ ነው። ከዚህ በላይ ምን ዓይነት ደንበኛ ይመጣል?

ይሄንን ላኪ ለሆነ አንድ ወዳጄ ባነሳበት «ወንድሜ፣ አገር ዶላር ትፈልጋለች» ብሎ ዘጋኝ። ትፈልጋለች፣ አልካድኩም። ግን ሌላ ወረርሽኝ መጥቶ ሐምቡርግ በሯን ብትከረችም ያን ሁሉ ጆንያ ለማን ሊሸጥ ነው? ለአክስቴ እንዳይል፣ ውዳቂ አስለምዷታል።