ከነዳጅ ማደያው ሥር የነበሩ ስሞች

በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያና በዙሪያዋ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ጥቂት አይደለንም። ዋሽንግተን ጎዳናን በታክሲም፣ በአውቶቡስም፣ በእግርም እናውቀዋለን። ይህ ጎዳና ፕሪንስ ከሚባለው ጋር በሚገናኝበት መስቀለኛ መንገድ መሐል እስከ 2020 ድረስ አንድ የነሐስ ወታደር ቆሞ ነበር (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። መሣሪያ አልያዘም። ባርኔጣውን አውልቆ፣ እጆቹን አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ወደ ደቡብ ያያል። ስሙ አፖማቶክስ ነው፤ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ላለመተው የተገነጠሉት የደቡብ ግዛቶች ኅብረት፣ የኮንፌዴሬሽኑ ጄኔራል ሊ በ1865 እጁን የሰጠበት ስፍራ ስም።

እውነቱን ለመናገር ሐውልቱ ትዕቢተኛ አልነበረም። በ1889 ያቆሙት ከጦርነቱ የተመለሱ የከተማዋ ሰዎች ናቸው፤ የሞቱባቸውን ጓዶች ስም በመቀመጫው ድንጋይ ላይ ቀርጸዋል። ሐዘናቸው የውሸት ነበር አልልም። የሚከነክነኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1890 የቨርጂኒያ ሕግ አውጪዎች ሐውልቱ ከቆመበት እንዳይነሳ በሕግ ደነገጉለት። የከተማዋ ምክር ቤት በ2016 እንዲዛወር ሲወስን እንኳ የግዛቱ ሕግ እጁን ይዞት ቆየ። በመጨረሻ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለ በሳምንቱ፣ ሰኔ 2 ቀን 2020 ማለዳ፣ ባለቤቱ የሆነው የኮንፌዴሬሽን ሴት ልጆች ማኅበር ራሱ በክሬን አንስቶ ወሰደው። እንዲህ ዓይነት ሐውልት በተነሳ ቁጥር “ታሪክ ተሰረዘ” የሚል ጩኸት ይሰማል። እስካሁንም ይሰማል።

ለሚጮኹት አንድ ግብዣ አለኝ። ከዚያው መስቀለኛ መንገድ ተነስተን በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ሩብ ሰዓት ገደማ እንሂድ።

መንገዱ የሚያደርሰን ከ1864 እስከ 1869 ድረስ ከ1,700 በላይ ጥቁር አሜሪካውያን የተቀበሩበት ቦታ ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሌክሳንድሪያ በሰሜኑ ጦር እጅ ስለነበረች፣ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሪያዎች በሺዎች እየሆኑ ይገቡባት ነበር። ጦሩ እነዚህን ሰዎች የጠራበት ቃል ለአማርኛ ጆሮ አስተርጓሚ አያሻውም፦ ኮንትሮባንድ። ከጠላት የተወረሰ ዕቃ ማለት ነው፤ እኛ በኬላ ስለሚያዝ ሸቀጥ እንደምንለው። ከተማዋ በሽታ ሞላባት፤ ከተቀበሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ።

ጦርነቱ አልቆ መንግሥት እጁን ሲያነሳ ቦታው ተረሳ። በእንጨት የተሠሩት የመቃብር ምልክቶች በሰበሱ፤ ጡብ ሠሪዎች ከአጠገቡ ሸክላ ጫሩ። በ1955 ነዳጅ ማደያ ተሠራበት። ያን ጊዜ “ታሪክ ተሰረዘ” ብሎ የከተማ አዳራሽ ያጨናነቀ ሰው ስለመኖሩ አልተመዘገበም። በአንድ ጎዳና ላይ፣ አንዱ ድንጋይ በአዋጅ ሲጠበቅ የሌሎቹ አጥንት ለቤንዚን ታንክ ቦታ ለቀቀ። የድሮ የታክሲ ሹፌር የሆነ አንድ ወዳጄ ስንት ጊዜ እዚያ ቤንዚን እንደሞላ ሲገባው አማተበ፤ ቀኑን ሙሉም ብዙ አልተናገረም።

“ስም ከመቃብር በላይ ይውላል” እንላለን። እዚህ ስሞቹን ያዋላቸው መቃብሩ ሳይሆን የቢሮ መዝገብ ነው። ከባርነት ያመለጡትን ስደተኞች እንዲያስተዳድር ተሹሞ የነበረው የቄስ አልበርት ግላድዊን መሥሪያ ቤት የሟቾችን ስም፣ ዕድሜና የሞቱበትን ቀን ይመዘግብ ነበር። መዝገቡ ተረፈ። ቦታው በ1987 እንደገና ታወቀ፤ ማደያው በ2007 ፈረሰ፤ በ2014 የመታሰቢያ ስፍራው ተመረቀ። ስሞቹ ዛሬ በነሐስ ሰሌዳ ላይ ተጽፈዋል፤ ዘሮቻቸው የተገኙላቸውም ተለይተው ይታያሉ። በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ስም ምን እንደሚመዝን እኛም አናጣውም፤ ዋሽንግተን ከተማ የኮሪያ ጦርነት መታሰቢያ ጠርዝ ላይ “ኢትዮጵያ” የሚለውን ቃል ፈልጎ ሲያገኝ እንግዳችን ሁሉ ፎቶ ይነሳል።

ስለዚህ በአሜሪካ ከተሞች በመንገድ ዳር የምናገኘውን ሐውልትና የታሪክ ሰሌዳ ሁሉ ስናነብ ከፊቱ ይልቅ ግርጌውን እንይ እላለሁ፤ ማን አቆመው? በስንት ዓመት? በዚያ ዓመት ድንጋይ ለማቆም ገንዘቡም ፈቃዱም ያልነበረው ማን ነበር? እነዚህ ጥያቄዎች ካልተጠየቁ ሐውልት ይነሳ አይነሳ የሚለው ክርክር የክሬን ኪራይ ክርክር ከመሆን አያልፍም።

ፈቃድ የሌላቸው ሰዎች ያደረጉት አንድ ነገር ግን አለ። መጀመሪያ ላይ በዚሁ መቃብር ለሰሜኑ ጦር የተዋጉ ጥቁር ወታደሮችም ይቀበሩ ነበር፤ ነጮቹ ግን በወታደሮች መቃብር። በታኅሣሥ ወር 1864 ሉቨርቱር በተባለው የጦር ሆስፒታል የተኙ 443 ጥቁር ወታደሮች አቤቱታ ፈረሙ። አደጋውን እኩል ከተካፈልን የመቃብሩንም ክብር እኩል እንካፈል አሉ። ሐውልት አልጠየቁም። በሚቀጥለው ወር የወታደሮቹ አስከሬን እየተቆፈረ ወደ ወታደሮች መቃብር ተዛወረ።

ሴቶቹ፣ ሽማግሌዎቹና ሕፃናቱ እዚያው ቀሩ። ማደያው የተሠራው በእነርሱ ላይ ነው።