«ወባ የለብህም» ከተባለ በኋላ

ጎጃም ውስጥ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቀድሞ የሚጠረጠረው ወባ ነው። አይፈረድም፤ ባሕር ዳር ዙሪያም ሆነ ፍኖተ ሰላም በኩል ወባ ያልደረሰበት ቤተሰብ ማግኘት ይከብዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ምርመራው «ወባ የለም» ካለ በኋላ የሚደረገው ነው። ብዙ ሰው ፋርማሲ ጎራ ብሎ ዲክሎፌናክ የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይገዛል ወይም ይወጋል፣ ቤቱ ገብቶም ይተኛል። ሰውየው ከድሬዳዋ፣ ከአፋር ወይም ከመተማ የተመለሰ ከሆነ ግን ይህ ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ደንጊ የሚባል የቫይረስ በሽታ አለ። አገራችን ውስጥ ወረርሽኙ የተረጋገጠው በ2006 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ ነው። ኋላ ጎዴ ገባ፣ በ2015 ደግሞ አፋር። ከመተማ ማዶ ያለው የሱዳኑ ገዳሪፍም በ2016 መግቢያ ክፉኛ ተመትቷል። የእኛ ልጆች በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ የሚወርዱት ወደዚያው ድንበር ነው።

ደንጊን የምታስተላልፈው ትንኝ የወባዋ አይደለችም። የምትነክሰው በቀን ነው፤ በተለይ ጠዋትና አመሻሽ ላይ። ስለዚህ የማታ አጎበር ብቻውን አይበቃም። እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ፣ የትንኝ መከላከያ ቅባት፣ ቀን ጋደም ለሚልም አጎበር ያስፈልጋል። የምትራባው ክዳን በሌለው በርሜልና ውሃ ባቆረ አሮጌ ጎማ ውስጥ ነው። እንቁላሏ ከዕቃው ግድግዳ ላይ ስለሚጣበቅ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ በየሳምንቱ ፈትጎ ማጠብ ነው።

ሕመሙ ከተነከሱ ከ4 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ይጀምራል። ኃይለኛ ትኩሳት፣ ከዓይን ጀርባ የሚወጋ ራስ ምታት፣ አጥንት የሚሰብር ቁርጥማት። ቫይረሱን የሚገድል መድኃኒት የለውም። ዕረፍት፣ ብዙ ፈሳሽና ፓራሲታሞል ነው የሚረዳው። ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና አስፕሪን መድማትን ስለሚያባብሱ አይነኩም።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ትኩሳቱ የሚበርድበት ሰዓት ነው። ቤተሰብ «ተመስገን፣ ተሻለው» ይላል። አንዳንዱ ሰው ላይ ግን ክፉው ደረጃ የሚጀምረው ያኔ ነው፦ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ የድድ ወይም የአፍንጫ መድማት። እንዲህ ሲሆን ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

ጤና ጣቢያ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ የወባው ውጤት ነጻ ሲሆን «ሰሞኑን የት ነበርክ?» በሉልን። ጤና ኤክስቴንሽኖችም ልጆቹ ለአጨዳ ሳይወርዱ በፊት ይህን ቢነግሯቸው ደግ ነው፤ አንዴ ከወረዱማ ማን ያገኛቸዋል?