ሁለተኛ የወጣው ልጅ

እናቴ ልጇ ከዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ወጥቶ እንደተመረቀ ታምናለች። ውሸቱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። አላረምኩትም እንጂ።

የመጨረሻው ሴሚስተር ግሬድ የወጣ ቀን ደወለች። «እህስ፣ ስንት አመጣህ?»

«ሁለት ነጥብ ዜሮ አራት።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስልኩ በእልልታ ተሞላ። ለእሷ ውጤት ማለት ካርድ ላይ የሚጻፍ ደረጃ ነው። ሁለት ካለ ሁለተኛ ነው። ከነጥቡ በኋላ ያለው ሳንቲም ነው። ማታውኑ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ።

ላስረዳት አስቤ ነበር። ግን ምን ብዬ? ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ውጤት ከ4 ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት፤ የዲፓርትመንቱ ኮርሶችም ለብቻቸው ተሰልተው 2.00 መሙላት አለባቸው፤ 1.99 ያለው ቤቱ ይገባል እንጂ ጋዋን አይለብስም ልበላት? እኔ ከዚያ ልጅ የምበልጠው በአምስት መቶኛ ነው ልበላት? እልልታ በመቶኛ አይቋረጥም።

ደግሞ ደንቡም ራሱ ጉደኛ ነው። የዶርሜ ልጅ 2.60 ነበረው። ግን አንድ ኤፍ ነበረችበት፤ ኤፍ ይዞ መመረቅ የለም። እሱ ኮርሱን ሊደግም ቀረ፣ እኔ ሱፍ ልለካ ሄድኩ። በደንቡ ፊት ጎበዙ እኔ ነኝ። የሴኔቱን ደንብ በቃሉ የሚያውቀው ደግሞ ውጤቱ አንሶ ሁለት ጊዜ ዋርኒንግ የበላው ልጅ ነበር። ከነአንቀጹ ይጠቅስልሃል። ማንም ሰው ግሬድ ሲበላሽበት ወደ አማካሪው መምህር ሳይሆን ወደ እሱ አልጋ ነበር የሚሮጠው።

እኛ በ2012 የገባን ነን። የፍሬሽማን፣ ማለትም የአንደኛ ዓመት የጋራ ኮርስ ተመልሶ የመጣብን፣ መሀል ላይ በኮሮና ወደየቤታችን የተበተንን። ይህ አልበቃ ብሎ ሐምሌ 2015 ላይ የመውጫ ፈተና ለሁሉም ተማሪ ሆነ። የሕግ ተማሪዎች ከዚያ በፊትም ይፈተኑ ነበር፤ እናዝንላቸው ነበር። አሁን የሚያዝንልን ጠፋ።

እናቴ ተቆጣች። «ሁለተኛ ለወጣ ልጅ ደግሞ ምን ፈተና ነው?»

የእሷ ጭንቀት ግን ፈተናው አልነበረም። ፍልሰታ ነው። «ነሐሴ ሳይገባ ይመርቁህ ብቻ። በጉን ማን ሊበላልኝ ነው?» ጠላው ተጠንስሷል። ጠላ አንዴ ከተጠነሰሰ የትምህርት ሚኒስቴርን አይጠብቅም። እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ መልስ ስመርጥ፣ ከጀርባዬ የጌሾው ሽታ ይመጣብኝ ነበር። ማለፊያው 50 ነው። እኔ 53 አመጣሁ።

ደወልኩላት። «53!»

ድምጿ ወረደ። «ሃምሳ ሦስተኛ?» አለች። ቀጥላ ግን አሰበችበት። «የሚፈተነው ያገሩ ተማሪ ሁሉ ነው አይደል?»

«አዎ እማዬ።»

«ታዲያ! ካገሩ ሁሉ ሃምሳ ሦስተኛ ቀላል ነው እንዴ?»

አሁንም ዝም አልኩ።

የቀረው ክሊራንስ ነበር። አንድ ወረቀት ይሰጡሃል፤ በላዩ ላይ ደርዘን የሚሞላ ቢሮ ተደርድሯል። እያንዳንዱ «ከዚህ ልጅ የምፈልገው የለም» ብሎ መፈረም አለበት። ስፖርት ክፍል ሄጄ ኳስ እንዳልወሰድኩ አስመሰከርኩ። ኳስ ሜዳው የት እንደሆነ የጠየቅኩት ያን ዕለት ነው። የዶርሙ ተቆጣጣሪ፣ ፕሮክተሩ፣ ፍራሹን ገለበጠ፣ ሎከሩን ከፈተ፣ ቁልፉን ተቀብሎ ጥርሱን ቆጠረ ማለት ይቻላል። የወጪ መጋራቱ ላይ ፈረምኩ፤ የበላሁትንና ያደርኩበትን ደሞዝ ስይዝ ልከፍል። ደሞዙ የት እንዳለ አልተጻፈም።

ላይብረሪ ግን ቆየሁ። ሴትየዋ ስሜን ኮምፒውተር ላይ ፈለጉ። አጡት። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ።

«አራት ዓመት ሙሉ አንድ መጽሐፍ አልተዋስክም?»

«እዚሁ ነበር የማነበው፣ እትዬ።»

መታወቂያዬን አዩ፣ ፊቴን አዩ። «እዚህ አይቼህ አላውቅም» አሉና ማህተሙን ወረቀቱ ላይ ጓ አደረጉት። ዕዳ የለበትም ማለት ነው። መጽሐፍ የጠፋበት ልጅ እንኳ እንደኔ አልታየም።

የምርቃቱ ቀን ዘነበ። እናቴ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ፣ ጃንጥላ ይዛ፣ ጫማዋ ጭቃ ጠጥቶ ከፊት ቆማለች። ንግግሩ አልቆ ወደ ዋንጫና ሜዳሊያ ተገባ። አንደኛ የወጣውን ጠሩ፤ አጨበጨበች። ሁለተኛውን ሲጠሩ እልልታዋን ጀመረች። አንድ ቀጭን ልጅ ወጥቶ ተቀበለ። እልልታው መሀል ላይ ቆመ።

ስንገናኝ ገና ሳትስመኝ፣ «ያንተን ዋንጫ ነው እኮ ለዚያ ልጅ የሰጡት!» አለችኝ።

አራት ዓመት ከተማርኩት ውስጥ ያን ሰዓት የደረሰልኝ አንድ ቃል ነው። «ክሊራንስ አልጨረስኩም እማዬ። ሲያልቅ ይሰጡኛል።»

አመነችኝ። ቡፌው ላይ፣ ከብርጭቆዎቹ አጠገብ፣ ለዋንጫው ቦታ ተለቅቋል። ሥራ አገኘህ ወይ ብላኝ አታውቅም። ባለፈው እሁድ ደውላ ስለ ጤናዬ ጠየቀችኝ፣ ስለ ጎረቤት ለቅሶ ነገረችኝ፣ ልትዘጋው ስትል ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣

«ያ ክሊራንስ አሁንም አላለቀም?» አለችኝ።

«ፈራሚው ስብሰባ ላይ ነው» አልኳት።