አንደኛ የሌለበት ውድድር

በፈረንጆቹ ኦክቶበር የሕንድና የፓኪስታን ሚዲያ ላይ አንድ ዜና ብዙ ጊዜ ብቅ ይላል። የአገራቸው ወታደሮች ዌልስ ድረስ ሄደው ካምብሪያን ፓትሮል በሚባለው የቅኝት ውድድር ወርቅ አግኝተዋል ይላል። እስከዚህ ጥሩ ነው። አንዳንዱ ርዕስ ግን ከዚያ አልፎ ዓለምን ሁሉ አሸንፈው አንደኛ እንደወጡ አድርጎ ያቀርበዋል።

ወርቁ እውነት ነው። አንደኛ የሚባለው ግን የለም። ውድድሩ ደረጃ አያወጣም። ከጠቅላላው ነጥብ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ያገኘ ጓድ (አብሮ የሚወዳደር የወታደር ቡድን) ሁሉ ወርቅ ይወስዳል። ከ65 ጀምሮ ብር፣ ከ55 ጀምሮ ነሐስ ነው። ከዚያ በታች ሆኖ መንገዱን የጨረሰ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። አሥር ጓድ 75 ከሞላ አሥሩም ወርቅ ያገኛሉ። አንድም ካልሞላ ወርቅ የሚባል ነገር የለም። የመንጃ ፈቃድ ፈተና አንደኛ የወጣ ሹፌር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ነው።

ከሩጫ ጋር ላደግን ለእኛ ይሄ ትንሽ ግር ይላል። ውድድር ሲባል የሚታየን ሰዓትና ደረጃ ነው። እኔ ግን ይህ ውድድር ከ60 ዓመት በላይ ቁም ነገሩን ሳይለቅ የቆየው አንደኛ ስለሌለው ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ የተጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ነው። የዌልስ ተጠባባቂ ወታደሮች ለራሳቸው የቅዳሜና እሁድ ልምምድ አዘጋጁ። የካምብሪያን ተራሮችን በእግር ማቋረጥ፣ መጨረሻ ላይ ሴኒብሪጅ ማሰልጠኛ ገብቶ የተኩስ ውድድር ማድረግ። በቃ፣ ይኸው ነበር። ዛሬ የሚያዘጋጀው መቀመጫውን ብሬከን ከተማ ያደረገው 160ኛው የዌልስ ብርጌድ ነው፤ ተወዳዳሪም ከሌላ አህጉር ሳይቀር ይመጣል።

የማሰልጠኛው መሬትም የራሱ ታሪክ አለው። በ1940 የብሪታንያ ጦር ኤፒንት የሚባለውን ደጋ ለልምምድ ሲወስደው፣ በ54 እርሻዎች ላይ ይኖሩ የነበሩ ከ200 በላይ ሰዎች ተነሡ። አብዛኞቹ ዌልስኛ ተናጋሪ ገበሬዎች ነበሩ። ቀያቸው ለጦሩ ቀረ። የሜዳሊያ ዜና ውስጥ ይህ ሲነሣ አይታይም፣ ቢነሣ ግን ደግ ነበር።

ወደ ውድድሩ እንመለስ። ስምንት ወታደር፣ 48 ሰዓት ገደማ፣ 60 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ጀርባ ላይ ወደ 30 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም። ዝናቡና ጭጋጉ ሳይቆጠር ነው። ጓዱ እንደደረሰ መጀመሪያ የሚገጥመው ፍተሻ ነው። ዕቃው አንድ በአንድ ወጥቶ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከራል። የጎደለ ካለ፣ ገና አንድ እርምጃ ሳይራመዱ ነጥብ ሄደ ማለት ነው። ቀጥሎ መሪው ትእዛዝ ይቀበላል። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚሄዱበትን አገር በትንሹ ይሠራዋል። ክር ወንዝ ይሆናል፣ የአፈር ክምር ኮረብታ፣ ቅጠል ደን። ሰባቱ ከበው ተቀምጠው በየት እንደሚገቡና በየት እንደሚወጡ ይሰማሉ። ዳኛው የሚመዝነው ገና ከዚህ ጀምሮ ነው። መሪው ቢመታ ማን ይተካዋል? ሬዲዮው ቢበላሽ ምን ይደረጋል? ይሄ ሁሉ መነገር አለበት።

ከዚያ ጉዞ ይጀመራል። ተደብቆ የጠላትን ቦታ ማየት፣ ያዩትን በሬዲዮ ማስተላለፍ፣ ብርድ ወንዝ ከነትጥቅ መሻገር፣ ቁስለኛ አክሞ ማውጣት፣ ምርኮኛ በአግባቡ መያዝ። አልቋል ሲባልም አላለቀም። እግሩ የተላላጠ፣ ሁለት ሌሊት በቅጡ ያልተኛ ሰው ተቀምጦ ያየውን ይጠየቃል። ስንት ተሽከርካሪ ነበር? ፊቱን ወዴት አዙሮ ነው የቆመው? ጥበቃው በየስንት ሰዓቱ ይቀያየራል? ለእኔ የውድድሩ ልብ እዚህ ጋ ነው። ተራራውን ጉልበት ያለው ሁሉ ይወጣዋል። አይቶ፣ አስታውሶ፣ ሳይጨምርና ሳይቀንስ መናገር ነው የሚከብደው።

ይህን ሁሉ በሰዓት ለመለካት ቢሞከር ምን ይፈጠራል? መልሱ 1924 ላይ አለ። ፈረንሳይ ቻሞኒ በተካሄደው የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ሚሊተሪ ፓትሮል የሚባል ውድድር ነበር። አራት አራት ወታደር በበረዶ ሸርተቴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳሉ፣ መሃል ላይ ዒላማ ይተኩሳሉ። ስድስት ቡድን ጀመረ። ጣሊያንና ፖላንድ አቋረጡ፣ ስዊዘርላንድ አሸነፈች። በ1928፣ በ1936 እና በ1948 ለማሳያ ያህል ተደገመ። በ1960 አሜሪካ ስኳው ቫሊ በተካሄደው የክረምት ኦሊምፒክ ላይ ቢያትሎን የሚባል የሸርተቴና የተኩስ ስፖርት ሆኖ መጣ። ግሩም ስፖርት ነው፣ እኔም ሳገኘው አልጠላውም። ግን ፓትሮሉ ከውስጡ ወጥቷል። አራቱ ሰዎች አንድ ሰው ሆኑ። የቀረው ሸርተቴ፣ ጠመንጃና ሰዓት ነው።

ሰዓት ሌላም ጣጣ አለው። በጁላይ 2013 እዚያው ዌልስ ውስጥ ብሬከን ቢከንስ ተራሮች ላይ፣ ለኤስኤኤስ ልዩ ኃይል ምልመላ በተደረገ በሰዓት የተገደበ ጉዞ ሦስት ተጠባባቂ ወታደሮች በሙቀት ምክንያት ሞተዋል። ጉዞው 26 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፣ ቀኑ ደግሞ እሳት ነበር። ከካምብሪያን ፓትሮል ጋር ግንኙነት የለውም፤ በ2015 የተሰጠው የምርመራ ውሳኔም ወቀሳውን የጣለው የሙቀት መመሪያውን ባልተከተሉት ኃላፊዎች ላይ ነው። እኔ የማነሣው አንድ ነገር ነው። ሰዓት የሚያባርረው ሰው «አቃተኝ» ለማለት ይቸገራል። ካምብሪያንም የጊዜ ገደብ አለው እንጂ ሽርሽር አይደለም። ሆኖም ቀድሞ የገባ፣ ስለቀደመ ብቻ ወርቅ አይወስድም። ወንዙ ዳር ቆሞ ትጥቁን በደንብ ያሰረ ጓድ ከቸኮለው የተሻለ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል።

እርግጥ ደረጃ አለመኖሩ ለጉረኛ በር ይከፍታል። ሁሉም አገሩ ገብቶ አንደኛ ነኝ ማለት ይችላል፣ ማን ይከራከረዋል? ይሄ ትክክለኛ ትችት ነው። መፍትሔው ግን የድል መድረክ መሥራት አይመስለኝም። የሕንድ ጉርካ ወታደሮች በ2021 ወርቅ ወስደዋል፤ ፓኪስታኖችም በተለያዩ ዓመታት ወስደዋል። መድረክ ቢኖር ኖሮ ወሬው ሁሉ ማን ከማን በላይ ቆመ ይሆን ነበር። አሁን ሁለቱም የሚለኩት በዚያው 75 በመቶ ነው።

ማስተካከል ያለበት ዜና ጸሐፊው ነው። «ወርቅ አገኙ» ብሎ ከጎኑ ሁለት ቁጥር ቢጨምር ይበቃል፦ ስንት ቡድን ተሳተፈ፣ ከዚያ ውስጥ ስንቱ ወርቅ ወሰደ። በ2021 የተሳተፉት 96 ቡድኖች እንደነበሩ ተዘግቧል። ሁለተኛውን ቁጥር ግን በርዕስ ላይ የሚያወጣ አላጋጠመኝም።