የአገጭ ፂምን እቤት በኤሌክትሮሊሲስ ማጥፋት፦ ቲቸርና ሲስተር ይከራከራሉ

ጥያቄው አጭር ነው። አንዲት ሴት አገጯ ላይ ወይም ከንፈሯ በላይ የሚበቅለውን ፀጉር እቤቷ ተቀምጣ በኤሌክትሮሊሲስ ብታጠፋው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም? ኤሌክትሮሊሲስ ማለት ቀጭን መርፌ ፀጉሩ በወጣበት ቀዳዳ አስገብቶ፣ ትንሽ ኤሌክትሪክ ለቆ ሥሩን መግደል ነው።

ተከራካሪዎቹ ሁለት የጅማ ሴቶች ናቸው። አንዷ የኬሚስትሪ መምህርት ናት። ማሽኑን ዘመድ ከውጭ ልኮላት እቤቷ ትጠቀምበታለች። ሌላዋ ብዙ ዓመት የሠሩ ነርስ ናቸው። ስማችን ይቅር ስላሉ ሰፈሩ በሚጠራቸው እንጠራቸዋለን።

ቲቸር፦ ሲስተር፣ በመጀመሪያ ይህ ነገር ከውበት ሳሎን አልመጣም። እ.ኤ.አ. በ1875 ቻርልስ ሚሼል የሚባል አሜሪካዊ የዓይን ሐኪም፣ ወደ ውስጥ እየበቀለ ዓይን የሚወጋ ሽፋሽፍት ለማጥፋት እንደተጠቀመበት ጻፈ። ችግሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትራኮማ የጎዳቸው እናቶች ሽፋሽፍታቸውን በወረንጦ ሲያስነቅሉ ያላየ የለም። ይነቀላል፣ ተመልሶ ይበቅላል፣ እንደገና ይወጋል። ሰውዬው የፈለገው ሥሩን ነበር።

አሠራሩ ደግሞ ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ የሚማሩት ነው። መርፌው ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር ይገናኛል፤ ፖዘቲቩ በእጅ ይጨበጣል። ቀዳዳው ውስጥ ጨዋማ እርጥበት አለ። ከረንቱ ሲያልፍ ጨውና ውኃው ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይሠራሉ። ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች ኮስቲክ ሶዳ የሚሉት ማለት ነው። ሥሩን የሚበላው እሱ ነው። ከረንቱ ራሱ ኢምንት ነው፤ ከ1 ሚሊአምፔር አይበልጥም። የእኔ ማሽን በባለ 9 ቮልት ባትሪ ነው የሚሠራው። መብራት ቢጠፋም አያቆምም፤ ይህ ለጅማ ሴት ትንሽ ነገር አይደለም።

መጠኑም በዘፈቀደ አይደለም። ባለሙያዎቹ ዩኒት የሚሉት መለኪያ አለ። የሚሊአምፔር አንድ አሥረኛ ለአንድ ሰከንድ ሲፈስ አንድ ዩኒት ነው። ከንፈር በላይ ላለ ስስ ፀጉር ወደ 15 ዩኒት ይበቃል። ለእግር ፀጉር ወደ 60። ስድሳውን በግማሽ ሚሊአምፔር ብትሄጂበት 12 ሰከንድ ነው። ትዕግሥት ያላት ሴት ልትሠራው የምትችለው ሒሳብ ነው።

አማራጩስ ምንድን ነው? ሥሩን በብርሃን የሚያቃጥለው ሌዘር ካሉ አዲስ አበባ መሄድ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም በተደጋጋሚ። ሌዘር ደግሞ የሚመታው ጥቁር ቀለም ፈልጎ ነው። ቆዳችን ራሱ ጠይም ስለሆነ ፀጉሩን ልምታ ሲል ቆዳውንም ሊያቃጥለው ይችላል። ለእኛ ቆዳ የሚሻለው የብርሃኑ ሞገድ 1064 ናኖሜትር የሆነው ማሽን ነው። ወንበሩ ላይ ከመተኛቷ በፊት «ማሽናችሁ የትኛው ነው?» ብላ የምትጠይቅ ስንት ሴት አለች? ኤሌክትሮሊሲስ የቆዳም የፀጉርም ቀለም አይመርጥም። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሌዘርን ፀጉር ይቀንሳል ሲል፣ ለዘለቄታው ያስወግዳል የሚለው ኤሌክትሮሊሲስን ነው። ምላጩ፣ ክሩ፣ ዋክሱ ሁሉም ይመለሳሉ። ወረንጦ ቦርሳ ውስጥ ይዞ ዕድሜ ልክ መዞር እኮ ይሰለቻል።

ሲስተር፦ የዓይን ሐኪሙን ማንሳትሽ ደስ ብሎኛል። ሐኪም ነበራ! የሌላ ሰው ዓይን ላይ ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁ ነፃ ሆኖ ነው የሠራው። አንቺ የምትይው ግን ራሷን በመስታወት የምታይ ሴት ናት። ግራው ቀኝ ሆኖባታል። አንድ እጇ ፖዘቲቩን ጨብጧል። ታዲያ ቆዳውን ማን ይወጥርላት? በቀረው አንድ እጅ፣ በማይታይ ቀዳዳ፣ አገጭ ሥር መርፌ። ኧረ ቲቸር!

ሒሳብሽ ልክ ነው እንበል። የእኛ ፀጉር ግን ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከቆዳ ሥር ታጥፎ ነው የሚሄደው። መርፌው ቀጥ ብሎ ገብቶ ግድግዳውን ከበሳ፣ ኮስቲክ ሶዳሽ የሚያርፈው ጤነኛ ሥጋ ላይ ነው። ፈረንጅ ቀልቶለት በሳምንት የሚረሳው ቁስል እኛ ላይ ጠቁሮ ለወራት ይቀመጣል። ፂሟን ደብቃ የነበረች ሴት አሁን ጥቁር ነጠብጣብ ልትደብቅ ነው። አንዳንዷ ደግሞ ቆዳዋ ኬሎይድ ያወጣል። ጆሮዋን ስትበሳ እብጥ ብሎ የቀረባት ሴት ሰፈርሽ ውስጥ የለችም? እሷ አገጯ ላይ በመርፌ ብዙ ቦታ ብትነካካ ምን እንደሚተርፋት አስቢው።

ግን የእኔ ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው። ፀጉሩ ለምን በቀለ?

ይህን ማንም አይጠይቅም። አንዲት ሴት አገጯ ላይ ወፍራም ፀጉር ካወጣች፣ የወር አበባዋ ከተዛባ፣ ብጉሩ አልጠፋ ካላት፣ ክብደቷ ከጨመረ፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ የሚባለው የሆርሞን መዛባት ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች እስከ 13 በመቶው አለባቸው ይላል። አብዛኞቹ አያውቁትም። ልጅ እምቢ ሲላቸው፣ ስኳር ሲይዛቸው ነው የሚታወቀው። ፀጉሩ በጥቂት ወራት ውስጥ ድንገት ከመጣና ድምፅም ከወፈረ ደግሞ ቀጠሮ እንኳ አያስጠብቅም። ዕጢ ሊሆን ይችላል።

ሌላ ምክንያት ልንገርሽ። ፊት ለማቅላት የሚቀባውን ክሬም ታውቂዋለሽ። መርካቶ ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ብዙዎቹ ውስጥ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። ስቴሮይድ ፊት ላይ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ደም ሥሩን ያወጣል፣ ፀጉርም ያበቅላል። እኔ ጋ «ፂም አወጣሁ» ብላ የምትመጣዋን መጀመሪያ «ምን ትቀቢያለሽ?» ነው የምላት። ዝም ትላለች። ከዚያ ቱቦውን ከቦርሳዋ ታወጣለች። ለዚች ልጅ መርፌ ምን ያደርግላታል? ያውም የሳሳ ቆዳ ላይ። ክሬሙን በሐኪም ምክር ትተው፤ የአንዳንዷ ፀጉር በራሱ ጊዜ ይሳሳል።

ቲቸር፦ በክሬሙ ላይ አልከራከርዎትም። ክሬሙን ተቃውሜ ስናገር ተማሪዎቼ ይታክታቸዋል።

ምርመራውም ይደረግ። ግን ምርመራ ፀጉር አይነቅልም። ሆርሞኑን የሚያስተካክለው መድኃኒት ፀጉር ላይ ለውጡ የሚታየው ወደ ስድስት ወር ሲጠጋ ነው። ያም ቢሆን አዲሱን ያቀጥነዋል እንጂ ቀድሞ የወፈረውን ከነሥሩ አያጠፋውም። ሐኪሙ ራሱ «የቀረውን በሌላ መንገድ አስወግጂው» ብሎ ነው የሚሸኛት። ያ ሌላ መንገድ ጅማ ላይ የት ነው? እኔ የማወራው ስለዚያች ሴት ነው። መድኃኒቷን እየዋጠች፣ ጠዋት ጠዋት አገጯን እየዳበሰች ከቤት ስለምትወጣዋ።

ስለ እጅም አነሱ። ፖዘቲቩን መጨበጥ ግዴታ አይደለም፤ በጨው ውኃ ከራሰ ጨርቅ ጋር ክንድ ላይ ይታሰራል። ሁለቱም እጅ ነፃ ነው።

አሠራሩን ደግሞ ቆዳው ራሱ ይነግርሻል። መርፌው በትክክል ከገባ አይወጋም፣ አይደማም። ከደማ ግድግዳው ተበስቷል፤ ያን ፀጉር ትቶ ማለፍ ነው። ከረንቱ ሲሠራ ቀዳዳው አፍ ላይ ነጭ አረፋ ብቅ ይላል። ሃይድሮጅን ጋዝ ነው። ሲያልቅ ፀጉሩ በወረንጦ ሳይጎተት ሸርተት ብሎ ይወጣል። ከጎተተሽ ሥሩ አልሞተም፤ ዝም ብለሽ ነቀልሽው ማለት ነው። ሽቦዎቹን ማገላበጥ ግን አይቻልም። መርፌው ፖዘቲቭ ከሆነ ብረቱ እየሟሟ ቆዳ ውስጥ ይቀራል። የማይለቅ ጥቁር ነጥብ ይሆናል።

ጀማሪ ከእግር ትጀምር፤ በእሱም እስማማለሁ። መጀመሪያ በምላጭ ትላጨው። ከጥቂት ቀን በኋላ ቀድሞ ብቅ የሚለው ፀጉር በማደግ ላይ ያለው ነው፤ ከረንቱ በደንብ የሚገድለውም ያን ነው። የተኛው ተራው ሲደርስ ይመጣል። ለዚህ ነው ነገሩ ዓመትና ዓመት ተኩል የሚፈጀው። ምላጭ ፀጉር ያወፍራል የሚሉት ደግሞ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ተፈትሾ ውድቅ ሆኗል። እናቶቻችን ግን አሁንም አያምኑንም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ያለ መርፌ፣ በወረንጦ ብቻ ፀጉሩን ይዞ ከረንት ይለቃል እየተባለ የሚሸጥ አለ። ገንዘብ መጣያ ነው። ፀጉር ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

ሲስተር፦ አንቺ ብቻሽን ብትሠሪው ይህን ያህል አልጨነቅም ነበር። የምፈራው ቡናውን ነው።

እዚህ አገር ቤት ውስጥ የገባ ዕቃ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ቡና ይፈላል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። አንዷ አገጭሽን ታያለች። «ምን አድርገሽው ነው?» ትልሻለች። ከዚያ «እስቲ ለእኔም»። እሷ እህቷን ታመጣለች። መርፌው ስንት ነው? ከውጭ የመጣ ስለሆነ ይቆጠባል። በአልኮል ይጠረጋል ወይም ይቀቀላል።

ቲቸር፣ ይህን አንቺ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ፦ ጅማ ከባሕር ወለል ወደ 1,700 ሜትር ከፍ ትላለች። ውኃችን 95 ዲግሪ ሳይሞላ ይፈላል። ሆስፒታል መርፌና መቀስ የምናነጻው በእንፋሎት ግፊት፣ 121 ዲግሪ ላይ ነው። በጀበና እሳት የተቀቀለ መርፌ ንጹሕ ይመስላል እንጂ ንጹሕ አይደለም። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይኖራል። በዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል። ኤችአይቪን አስተምረን አስተምረን ሰው ስለ ምላጭ ገብቶታል። ስለዚህ መርፌ ግን ማን አስተማረው? ባትሪ ስላለው የመዋቢያ ዕቃ ነው የሚመስላቸው።

ቲቸር፦ ለዚህ መልሱ «አይሆንም» ማለት ነው። እኔ ለማንም አልሠራም፣ ለማንም አላበድርም። የታሸጉ፣ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው መርፌዎች አሉ። የሌላት አትጀምር፤ በቃ።

ግን ሲስተር፣ የፊት ፀጉር በክር የምታነሳዋን ሴት አይተው ያውቃሉ? የክሩን አንድ ጫፍ በጥርሷ ነክሳ ነው የምትሠራው። ያው ክር የሚቀጥለው ፊት ላይ ይሄዳል። ወረንጦው ከቅንድብ ቅንድብ ይዞራል። እሱን ማንም «አደገኛ» አላለውም፤ ስለለመድነው። (ቅንድብ መነቀል በሃይማኖት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለኡስታዞቹ እተወዋለሁ። እዚህ ከተማ አንዴ ከተጀመረ አይቆምም። እኔ ስለ አገጭ ነው የማወራው።) አዲሱ ላይ ብቻ ሕጉ ለምን ይጠብቃል?

ሲስተር፦ ክሩንም እቃወማለሁ። አንድ ስህተት ለሌላው ምስክር አይሆንም።

ከጨረስን አይቀር ጨርሶ ሊነኩት የማይገባቸውን ልዘርዝር፤ አንቺ አላነሳሻቸውም። ልቧ ላይ ፔስሜከር፣ ማለት የልብ ምት የሚያስተካክል መሣሪያ ያለባት፣ ጨርሶ አይሞከርም። ነፍሰ ጡር፣ ትቆይ። ማርያም ስማው የሚሉት ጥቁር ምልክት ላይ የበቀለ ፀጉር፣ ሐኪም ሳያየው አይነካም። ስኳር ያለባት ቁስሏ ቶሎ አይድንም። ኬሎይድ ያለባት፣ ነገርኩሽ። ትምህርት ቤት ያሉ ልጆችሽ ደግሞ ገና ሆርሞናቸው አልረጋም። በአሥራ አምስት ዓመቷ ከንፈሯ በላይ ጥላ የመሰለ ነገር ያየች ልጅ ሁሉ በሽተኛ አይደለችም። ለእሷ «ተዪው፣ ቆንጆ ነሽ» ማለት ነው የሚያስፈልጋት። አንቺ መምህርቷ መርፌውን ይዘሽ ካየችሽ ግን ነገ እሷም ትፈልጋለች።

ቲቸር፦ ልጆቹን በተመለከተ ተስማምቻለሁ። «ተዪው» የሚለው ምክር ለአዋቂዋ ሲሰጥ ግን ያናድደኛል። እስከ ዛሬ የተነገራት እሱ ብቻ ነው። ወንዱ ሪዙን ሲያሳድግ ጎበዝ ይባላል። እሷ ታክሲ ውስጥ በነጠላዋ አፏን ትሸፍናለች።

ሆስፒታሉ አንድ ማሽንና አንድ የሠለጠነች ነርስ ቢኖረው እኔ የራሴን ነገውኑ እከድነዋለሁ። እንደዚያ ያለ ነገር አለ ወይስ የለም? ከሌለ እስኪመጣ አገጬን ይዤ አልጠብቅም።

ሲስተር፦ ማሽን መግዛት ቀላል ነው። እጁን ማሠልጠን ነው ጊዜ የሚወስደው፤ ለዚያ ደግሞ የምትወልደዋንም የምትሞተዋንም ሴት ቀድሞ የፂም ጉዳይ ተራ አያገኝም። ይህን አልደብቅሽም። እግርሽን ሥሪ፣ ክንድሽን ሥሪ። አገጭ ላይ አሁንም አልስማማም። የወር አበባዋ የተዛባባት ወይም ክሬም የምትቀባ ጓደኛ ካለችሽ ግን መጀመሪያ ወደ እኔ ላኪያት። ማሽንሽ ይጠብቃታል።